ለጫፍ ሁለት

አናጢው፣ ልጅ በተወለደላቸው ቁጥር፣ አንድ ጠረጴዛ ይሠሩ ነበር፤ ርዝመቱ ሁለት ሜትር፣ ወርዱ አንድ። ልጁ ጎጆ ሲወጣ ጠረጴዛውን ከአራት ወንበሮች ጋር ይዞ ይሄዳል። የቤቱ ሕግ ይህ ነው። እስከዚያው የሦስቱ ልጆች ጠረጴዛዎች በረጅሙ ክፍል ውስጥ ጫፍ ለጫፍ ተገጥመው ይበላባቸዋል።

በዙሪያው ለእያንዳንዱ ሜትር አንድ ወንበር ነው። ለአንድ ጠረጴዛ ስድስት። ሁለት ሲገጠሙ ግን አሥራ ሁለት ሳይሆን አሥር፤ ሦስት ሲገጠሙ አሥራ አራት። የመጨረሻ ልጃቸው ሚጢጢ በልጅነቷ፣ «የጎደሉት ወንበሮች የት ሄዱ?» ስትላቸው አናጢው ሳቁ።

«በተገጠመ ጎን ላይ ማን ይቀመጣል? እንዲህ ብለሽ ያዥው፤ ለጠረጴዛ አራት አራት፣ ለጫፍ ሁለት። ቢጨመርም ቢቀነስም የጫፎቹ ሁለት አይነኩም።»

የጫፎቹ ሁለት የእሳቸውና የሚስታቸው ነበሩ። አናጢው ከመብላታቸው በፊት ጠረጴዛውን በጣታቸው ኳ ኳ ያደርጋሉ፤ ያለዚያ ማንም እጁን አይሰድም።

አናጢው ሞቱ። ወንበራቸውን ግን ማንም አላነሳውም።

ታላቅየው ጎጆ ሲወጣ ድርሻውን ወሰደ። የቀሩትን ሁለት ጠረጴዛዎች ገፍተው ገጠሟቸው። ምሳ ሲቀርብ እናትየው ማንኪያቸውን አንስተው ፈዘው ቀሩ።

«አባታችሁ ተጠግተውኛል» አሉ።

«እንግዲያው ጨው አቀብሉኝ በያቸዋ!» አለ መካከለኛው ልጅ። እሱ ለቅሶ ቤትም ቢሆን ቀልድ አይጠፋውም።

ከወዲያኛው ጫፍ ኳ ኳ አለ።

የመካከለኛውም ጎጆ የመውጣት ተራ ደርሶ ድርሻውን ይዞ ሄደ። አሁን ባዶው ወንበር ከእናትየው በአንድ ጠረጴዛ ርቀት ላይ ነው። እናትየው ወደዚያ ያንሾካሹካሉ፤ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ሳህናቸው እንደሞላ ይነሳል። ከመክሳታቸው የተነሳ ቀሚሳቸው የሰው ልብስ መሰለ።

ሚጢጢ ሠርጓ ሲቃረብ ጭንቅ ያዛት። እናቷን ከዚያ ወንበር ጋር ጥላ እንዴት ትሂድ? ስታወጣ ስታወርድ ከርማ አንድ ሐሳብ መጣላት። ጠረጴዛ ከሌለ ጫፍ የለም፤ ጫፍ ከሌለ አባቷ የሚቀመጡበት የለም።

«እማዬ፣ ጠረጴዛዬን ልውሰድ። ላንቺ ክብ እገዛልሻለሁ።»

እሪ ይላሉ ብላ ነበር። እናቷ ግን ፈገግ አሉ።

«ድርሻሽ አይደል? ውሰጂው የኔ እናት። አባትሽም ደስ ብሏቸዋል።»

ተሸካሚዎቹ ጠረጴዛውን አወጡ። ሚጢጢ ወንበሮቹን እያነሳች አቀበለቻቸው። የጭነት መኪናው ላይ በገመድ ሲታሰሩ ዓይኗ አረፈባቸው፤ አራት ናቸው። እጇ የለመደውን ሠርቷል፤ ለጠረጴዛ አራት።

አሁን የቀሩትን ሁለት ወንበሮች የሚያራርቅ ጠረጴዛ የለም። ለጫፍ ሁለት።

እየሮጠች ተመለሰች።

በባዶው ክፍል መሃል ሁለቱ ወንበሮች ፊት ለፊት ተጠጋግተዋል፤ በመካከላቸው ከጉልበት ሌላ አያስገባም። እናትየው በአንዱ ላይ ተቀምጠው እጆቻቸውን ዘርግተዋል። ጣቶቻቸው የሰው እጅ እንደያዙ ታጥፈዋል። ፊታቸው እንደ ሙሽራ በርቷል።

«እማዬ!»

ዞር አላሉም።

«በሩን ዝጊው ልጄ» አሉ፣ «አባትሽ ይበርዳቸዋል።»