ምንም ሳይጠየቅ ይመለሳል

ከእኔ ውሻ መግዛት ቀላል አይደለም። ታናሽ እህቴ “ልጅሽን ለጋብቻ ቢጠይቁሽ እንኳ ሰዉን እንዲህ አታደርቂውም ነበር” ትለኛለች። ልጅ የለኝም እንጂ ቢኖረኝ ኖሮ አማቼ አበሳውን ያይ ነበር። አርባ ሦስት ጥያቄ አለኝ። ግቢህ አጥር አለው? ቀን ቤት ማን ይውላል? ብትታመም ውሻውን ማን ይይዘዋል? ብትሞትስ? አንድ ጠበቃ ይህቺን የመጨረሻዋን ሲሰማ ብድግ ብሎ ወጣ። ይውጣ! ሞቱን ያላሰበ ሰው ዶበርማን ምን ያደርግለታል?

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዶበርማን ሳራባ ኖሬያለሁ። ሰፈሩ “የውሻ እናት” ይለኛል። እነሱ ሊሰድቡኝ ነው፤ እኔ ግን እንደ ማዕረግ ተቀብዬዋለሁ። ማስወለድም ስል በየሁለት ሦስት ዓመቱ አንዴ ነው። ቡችሎቹ ሁሉም ጥቁር ስለሆኑ እንዳይምታቱብኝ በተወለዱ ቀን አንገታቸው ላይ ባለቀለም ክር አስራለሁ። ገዢው በኋላ ደስ ያለውን ስም ያውጣለት፣ ንጉሥም ይበለው ጄኔራል፣ እኔ ጋ እስኪሞት ድረስ በክሩ ቀለም ነው የሚጠራው።

ከዚያ ውሉ አለ። የውሉ ሰባተኛ ቁጥር “ገዢው በማንኛውም ጊዜና ምክንያት ውሻውን ማቆየት ካልቻለ፣ ምንም ሳይጠየቅ ለአራቢዋ ይመልሳል” ይላል። በአሥር ዓመቱም ይሁን፣ አርጅቶም ይሁን፣ ምንጣፍ ላይ እየሸና አስቸግሮም ይሁን፣ መመለሻው እኔ ቤት ነው። ወደዚህ ዓለም ያመጣሁት እኔ ነኛ! ይህ ያልገባው አራቢ ውሻውን ትቶ ሽንኩርት ይትከል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የእንስሳት ሐኪሙ ደወለልኝ።

“እትዬ፣ አንድ ዶበርማን ክሊኒኩ በር ላይ ታስሮ አገኘን። ቆዳው ሥር ያለው ቺፕ የእርስዎን ስልክ ነው የሚያሳየው።”

“ክሩ ምን ዓይነት ነው?”

“የምን ክር?”

የቺፑን ቁጥር አስነብቤ መዝገቤን ገለጥሁ። አረንጓዴው! የአራት ዓመት ውሻ፣ ለአንድ የጥርስ ሐኪም የሰጠሁት። ቆሽቴ አረረ። ነጠላ ጫማዬን እንኳ ሳልቀይር ነው የሄድኩት።

አረንጓዴው ክሊኒኩ ኮሪደር ላይ ተኝቷል፤ አጠገቡ ውሃ የያዘ ሳህንና በሥርዓት የታጠፈ ብርድ ልብስ አለ። ሲያየኝ ተነሣና መጥቶ ጎኑን እግሬ ላይ ጣለ። ዶበርማን ሲወድህ አይልስህም፤ ይደገፍሃል። ከሳምንታት ዕድሜው ጀምሮ አላየሁትም ማለት ይቻላል፤ እሱ ግን አልረሳኝም። አንጀቴን በላው። ያን ጊዜ ንዴቴ ይብሱን ተነሣና እዚያው ወረፋ ጠባቂው ሁሉ እየሰማ ደወልኩ።

“አንተ ሰውዬ! ሕሊናህን ከየትኛው በሽተኛ ጥርስ ጋር ነቅለህ ጣልከው?”

የጥርስ ሐኪሙ “ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ ደውዬልዎት ነበር” አለኝ።

“ታዲያስ?”

“ወደቀ አልኩዎት። ደረጃ ሲወጣ ወደቀ፣ ዓይኑ ተገለበጠ፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ተነሣ አልኩዎት። ምን ብለው እንደመለሱልኝ ያስታውሳሉ?”

አስታወስኩ። አፌ አይታማ፣ ቃል በቃል አስታወስኩ። “የእኔ ውሻ አይወድቅም። አንተ ነህ እንደ በግ ያደለብከው። ምግቡን ቀንስ” ነበር ያልኩት። አራቢ ሲባል እንዲህ ነው። ውሻው ሲያምር ዘሩ ነው፤ ሲያነክስ፣ ሲያከክ፣ ሲወድቅ ባለቤቱ ነው። ሁለተኛ ሲደውልልኝ ደግሞ “ባለቤቱ ሰነፍ ከሆነ ውሻው ምን ያድርግ?” ብዬ ዘጋሁበት።

“ቀነስኩለት” አለ የጥርስ ሐኪሙ። “ከሳ እንጂ መውደቁን አልተወም። ልመልስልዎት አስቤ ነበር። ግን፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ፈራሁ። ክሊኒኩ በር ላይ አስሬው እስኪያስገቡት ድረስ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ስጠብቅ ነበር።”

“ውሉ ምንም ሳይጠየቅ ይላል እኮ!”

“እርስዎ? ሳይጠይቁ?”

የክሊኒኩ ጸሐፊ ሳቋን ለመደበቅ አሳለች። እኔም ስልኩን ዘጋሁ።

የእንስሳት ሐኪሙ አረንጓዴውን ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ ደረቱን አዳመጠ። ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ከዚያ ደረቱን ላጭቶ በአልትራሳውንድ አየውና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው።

“ልቡ ሰፍቷል፣ ጡንቻውም ላልቷል። መድኃኒት አለው፤ ዕድሜ ይጨምርለታል እንጂ አያድነውም። በዘር የሚመጣ ነው፤ ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። የአባቱ የልብ ምርመራ ወረቀት አለዎት አይደል?”

“አለኝ” አልኩ።

ነበረኝ። ግን የዓመቱ አልነበረም። ዶበርማን ከማዳቀልህ በፊት ልቡን በየዓመቱ ታስመረምራለህ፤ ዘንድሮ ደህና የነበረ ልብ ለከርሞ ዋስትና የለውማ። ይህን ለጀማሪ አራቢዎች ጣቴን እየቀሰርኩ ስንት ጊዜ ሰብኬያለሁ። ታዲያ የአረንጓዴው አባት፣ በክር ቀለም ሳይሆን ጌታው ብለን የምንጠራው፣ ያን ዓመት የምርመራ ቀጠሮው ከትልቁ የውሻ ውድድር ጋር አንድ ቀን ላይ ዋለ። እኔ ውድድሩን መረጥኩ። ጌታው አንገቱን ቀጥ አድርጎ ሲቆም ዳኛው እንኳ አፉን ከፍቶ ቀረ። ዋንጫውን በላን። በወሩ በአሮጌው ወረቀት አዳቀልኩት፤ ስድስት ቡችሎች ተወለዱ።

ጌታው በዓመቱ ግቢ ውስጥ ክልትው ብሎ ሞተ። እኔ ደግሞ ሬሳው ሳይመረመር ጎረቤቴ መርዞት ነው ብዬ ወሰንኩ። ጎረቤቴ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው፤ ጉንዳን እንኳ የሚረግጥ ሰው አይደለም። ሦስት ዓመት ሰላምታ ነፍጌዋለሁ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ከስድስቱ አንዷን፣ ቀይዋን፣ ለራሴ አስቀርቻታለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ልድራት ነበር። ሌሎቹ ሴቶች ውሾቼ ወይ አርጅተዋል፣ ወይ ከመውለድ ተከልክለዋል፤ የሠላሳ ዓመት ዘሬ ያለው እሷ ላይ ብቻ ነው። በማግስቱ የልብ ምት የሚመዘግበውን ማሽን በጃኬት አስረንላት አንድ ቀን ሙሉ ዋለችበት። ጃኬቱ እንደ አዲስ ቀሚስ ደስ ብሏት መስተዋት ፊት እየተንጎራደደች ነበር፣ የኔ ቂል። ሐሙስ ሐኪሙ ደወለ። በአንድ ቀን ውስጥ የተዛባው ምት ከአራት መቶ በላይ ነው አለኝ። ከሦስት መቶ ካለፈ የአረንጓዴው በሽታ እሷም አለባት ማለት ነው።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩና አለቀስኩ። ወላጆቼን ስቀብር እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም፤ እነሱ ቢያንስ በእኔ ጥፋት አልሞቱም። ቀይዋ ከበሩ ውጭ እየቧጨረች ታላዝናለች፤ ስከፍትላት ገብታ ተደገፈችኝ።

እህቴ ሻይ ይዛ ጠረጴዛው ጋ ጠበቀችኝ።

“ቀይዋን አትድሪያትም፤ አለቀ። ይኼ ትክክል ነው” አለችኝ። “ለሌሎቹ አራቱ ግን ምን ብለሽ ነው የምትደውዪው?”

“እውነቱን ነዋ።”

“ማን ጠየቀሽ? ሰው በሰላም ከውሻው ጋር ይጫወታል፣ አንቺ ደውለሽ ‘ይሞትብሃል’ ልትዪው! አርፈሽ ብትቀመጪ ማንም አያውቅም። ስምሽስ? ሠላሳ ዓመት የለፋሽበት ስም በአራት ስልክ ገደል ይግባ?”

እህቴ ክፉ ሆና አይደለም፤ ለእኔ አስባ ነው። ልዋሽ አልፈልግም፣ ዳዳኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ዝም ልል ዳዳኝ። እስከ ዛሬ በየስብሰባው “ከበሽታ የጸዳ ዘር” እያልኩ የደነፋሁት ሁሉ ትዝ አለኝ። ስንቱ አራቢ ጥርሱን ነክሶ ሰምቶኛል! ይህን ቢሰሙ ቁርስ ምሳ እራታቸው ነው የምሆነው።

እንዲህ ስናወጣ ስናወርድ አረንጓዴው ከሳሎን ወደ እኛ ሊመጣ ተነሣ፤ ደፍ ላይ ሲደርስ የፊት እግሮቹ ከዱት። እንደ ጆንያ ወደቀ። ዓይኑ ተገለበጠ፣ ምላሱ ሲሚንቶው ላይ ተዘረጋ። እህቴ ጮኸች። እኔ አጠገቡ ተንበርክኬ እጄን ጎኑ ላይ አድርጌ ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ ስደርስ ዓይኑን ገለጠ፣ ተነሣ፣ ዙሪያውን አየና የሆነ ነገር እንዳጠፋ ሰው ጆሮውን ጥሎ ጭራውን ቆላ።

ከዚያ በኋላ እህቴ አልተከራከረችኝም። ራሷ ሄዳ ስልኩን አመጣችልኝ።

የሰማያዊው ባለቤት የሆቴል ምግብ አብሳይ ናት። ዘጠኝ ደቂቃ ሙሉ ሰደበችኝ፤ መጥበሻው ሲንኳኳ ከበስተኋላዋ ይሰማኛል። ስለ አፌ፣ ስለ ውሌ፣ ስለ ዋንጫዬ ያልተናገረችው የለም። ከተናገረችው ሁሉ አንድም ውሸት ስላልነበረበት እስክትጨርስ ጠበቅኋትና የሐኪሙን ስልክ ሰጠኋት። የቢጫው ባለቤት ትራፊክ ፖሊስ ነው። ደጋግሞ “ይድገሙልኝ” እያለ እንደ አደጋ ሪፖርት ጻፈውና “በሉ ነገ አስመረምረዋለሁ” ብሎ ዘጋ። የነጩ ባለቤት አዋላጅ ነርስ ናት።

“መመለስ እችላለሁ ማለት ነው?” አለችኝ።

“አዎ፣ ምንም ሳትጠየቂ።”

“ሞቼ ነው የምመልሰው! ለማወቅ ያህል ነው።”

ቀረ ብርቱካናማው። እሱን የወሰደው ልብስ ሰፊ ነው፤ ገና ቡችላ ሳለ ልኩን ለክቶ ኮት የሰፋለት። ስደውል የስፌት መኪናው ሲንገጫገጭ ሰማሁ፤ ድምፄን ሲለይ መኪናው ቀጥ አለ።

“እትዬ…” አለ። “እኔ ራሴ ልደውልልዎት ነበር።”

“ውሻህ እንዴት ነው?”

“ሞቷል።”

“መቼ?”

“ዓመት ሊሞላው ነው።”

ውሉ ላይ ሞቱም ቢሆን በሳምንቱ ይነገረኝ ይላል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከዚህ በኋላ ከአፌ የሚወጣውን ቃል ማንም ባይሰማው ይሻል ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት።

“ምን ሆኖ?” አልኩ።

“እኔ ነኝ የገደልኩት።”

ከዚያ ነገረኝ። እሑድ ረፋድ ላይ ሜዳ ሊያስሮጠው ሲወጣ፣ ሴት ልጁ “አባዬ ሞቋል፣ ሲበርድ ትወስደዋለህ” ብላው ነበር። አልሰማትም። ኳሷን ሦስት ጊዜ ወረወረለት። ሁለቴ አመጣለት። ሦስተኛው ላይ ኳሷ ጋ ሳይደርስ ወደቀና አልተነሣም። ልብስ ሰፊው አርባ አምስት ኪሎ ውሻ ተሸክሞ ቤቱ ገባ። በሩን የከፈተችለት ልጁ ናት።

“በእጇ እያጎረሰች ያሳደገችው እኮ እሷ ናት” አለኝ። “አንድ አልጋ ነበር የሚተኙት። ከዚያ ወዲህ ‘ምሳ ቀርቧል’፣ ‘ሰው ይፈልግሃል’ ካልሆነ በቀር አታናግረኝም። አልፈርድባትም። ለእርስዎ ልደውል ስንት ጊዜ ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩት መሰለዎት። የሚሉኝን አውቀዋለሁ።”

እኔም አውቀዋለሁ። “በፀሐይ ያስሮጥከው አንተ፣ ልኬት እንጂ ልብ የሌለህ!” እለው ነበር። ይህ ሰውዬ ዓመት ሙሉ ጥፋተኝነቱን ብቻውን ታቅፎ የተቀመጠው እኔን ፈርቶ ነው። አፈርኩ።

“ስማኝ” አልኩት። “አንተ አልገደልከውም።”

“እትዬ፣ እኔን ለማጽናናት ከሆነ…”

“እኔ ሰው ሳጽናና አይተኸኝ ታውቃለህ? ዝም ብለህ ስማኝ! ልቡ በሽተኛ ነበር። በሙቀትም በብርድም፣ ሮጦም ተኝቶም፣ ያ ልብ መቆሙ አይቀርም ነበር። ወንድሙ እዚህ እግሬ ሥር አለ፣ እንደዚያው ይወድቃል። እኅቱም ታማለች። ያን ልብ የሰጠሁት እኔ ነኝ። አባቱን ማስመርመር ሲገባኝ ዋንጫ ልበላ ሄድኩ። አንተ ኳስ ነው የወረወርከው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።”

ስድቡን ጠበቅሁ፤ እንዲሰድበኝ ፈልጌም ነበር።

“እትዬ።”

“አቤት።”

“አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ፣ እንዳይዘጉት።”

ወንበር ሲገፋ፣ ሰውየው በችኮላ ሲራመድ፣ በር ሲያንኳኳ ሰማሁ። በሩ ለመከፈት ጊዜ ወሰደ። “ይህን ስልክ ያዢልኝ፣ በሞቴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ” ሲል ሰማሁት። ከዚያ ወደ ስልኩ ተጠግቶ “ለእኔ ያሉኝን ለእሷም ይንገሩልኝ። ከእኔ አፍ ብትሰማው አታምነኝም” አለኝ።

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

“ሄሎ?” አለች ልጅቷ፣ ቁጣ ባልለቀቀው ድምፅ።

“የኔ ልጅ” አልኳት፣ “ውሻችሁን ያራባሁት ሴትዮ ነኝ። አባትሽ ምንም አላጠፋም።”