እንስሳ ያጣች ቃል

ዶክተሯ ቃላቱን ታውቃቸዋለች። ችግሩ እነሱ እሷን አለማወቃቸው ነበር።

የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተናውን ሁለት ጊዜ ተፈትናለች። ሁለቱንም ጊዜ ማንበቡንና ማዳመጡን አልፋ በንግግሩ ክፍል ወድቃለች። ፈታኝ ፊት ስትቀመጥ ያ ሁሉ የሸመደደችው የምሁር እንግሊዝኛ ድራሹ ይጠፋና «ጉድ»፣ «ባድ»፣ «ቬሪ ባድ» ብቻ ይቀራታል። ለሁለተኛ ዲግሪ የተቀበላት ዩኒቨርሲቲ ቦታዋን የሚያቆይላት እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። ሦስተኛውን ፈተና ከወደቀች ነገሩ አበቃ።

እሁድ ዕለት ታላቅ ወንድሟ ሶፋ ላይ ተጋድሞ የቃላት ካርዶቿን እያነሳ ጠየቃት። ትርጉሙን ሁሉ እንደ ጥይት አከታትላ መለሰች።

«እሺ፣ አሁን ይችን ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገቢያት» አላት።

ከመመለስ ይልቅ እጇን ለካርዱ ዘረጋች።

«ሰው የሰበሰበውን ዕቃ አንድ ቀን እንኳ አይጠቀምበትም?»

«ወንድም ጋሼ፣ ካርዱን መልስልኝ።»

መናደዱንስ ተናደደች። ይበልጥ የከነከናት ግን የነገሩ እውነትነት ነበር። በምትሠራበት የእንስሳት ክሊኒክ ያከመችው ውሻ ሁሉ ትዝ ይላታል። የትኛው ጆሮው ተቀድዶ እንደ መጣ፣ የትኛው መርፌ ሲያይ ጠረጴዛ ሥር እንደሚገባ፣ የትኛው ባለቤቱ ስታየው ብቻ እንደሚያነክስ ታውቃለች፤ አንዱንም ሸምድዳው አይደለም። ለውሻ ቦታ ያላጣ ጭንቅላት ለቃል ሲሆን የሚጠበው ምን ሆኖ ነው?

ሰኞ ጠዋት፣ ተኝተው ለሚታከሙት እንስሳት ስም ማውጣት ጀመረች። አንድ ቃል ፕላስተር ላይ ጻፈችና የአንዱ ቡችላ የሽቦ ቤት፣ ኬጁ ላይ ለጠፈችው።

ኬጆቹን የሚያጸዱትና እንስሳቱን የሚመግቡት እትዬ ባልዲያቸውን ይዘው ቆሙ። «ይሄ ምንድን ነው ዶክተርዬ? አዲስ መድኃኒት ታዘዘለት?»

«ስሙ ነው እትዬ። ሪላክታንት። አንድን ነገር ሳይወድ፣ እግሩን እየጎተተ የሚያደርግ ማለት ነው።»

«ይሄ?» ቡችላውን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ሳይወድ የሚያደርግ እኮ መጨረሻ ላይ ያደርጋል። ይሄ ግን ጭራሽ አያደርግም። ይሄ ሰነፍ ነው።»

ልትከራከር አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ፕላስተሩን ልጣ፣ ክኒን ሲሰጡት መጀመሪያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ በረጅሙ ተንፍሶ፣ ከዚያ የሚውጠው ሽማግሌ ውሻ በር ላይ ለጠፈችው።

«አሁን ልክ ገባሽ» አሉ እትዬ።

ከዚያ ወዲያ ደንብ ወጣ። ማንም እንስሳ በሥራው ሳያሳይ ቃል አይሰጠውም፤ ሁለቱም ካልተስማሙ አይለጠፍም። በየቀኑ በልታ ስትጨርስ ሳህኗን የምትገለብጠው ጥንቸል፣ እትዬ ፐርሲስተንት ካልተባለች ብለው ሙግት ገጠሙ።

«እሱ እኮ ሲከለክሉትም የማይተው ነው» አለች ዶክተሯ። «እሷን ማን ከለከላት? ዛሬም ነገም ያው የሆነች ኮንሲስተንት ናት። ፐርሲስተንት ማለት ገመዱ በተቀየረለት ቁጥር አዲሱን የሚያኝከው ያ ፍየል ነው።»

«እሺ፣ ይሁንልሽ። ግን ፍየሉ ብቻ አይደለም፤ አንቺም አለሽበት።»

ቃላቱ እንዲህ እንዲህ እያሉ ኬጅ ኬጃቸውን ያዙ። አንዷ ብቻ ተረፈች፤ አርቢትራሪ። ያለ አንዳች ምክንያት፣ ዝም ብሎ እንደ መጣለት የሚደረግ ነገር። ሁለቱም ፈልገው ፈልገው የሚመጥናት አጡ። እንስሳው ሁሉ ምክንያት አለው፤ ከሥራው ሥር ወይ ረሃብ ወይ ፍርሃት ወይ ቂም ይገኛል።

ፈተናው ሳምንት ሲቀረው አንዲት ሴት መኪና የገጨውን ድመቷን አመጣች። የኋላ እግሩ ተሰብሮ ነበር፤ ታሰረለት። ይህ ድመት ይናከሳል፤ ሲናከስ ግን መላ የለውም። ዶክተሯን ጠዋት ነክሷት ከሰዓት በእጇ ይበላል። የክሊኒኩን ባለቤት አንድ ቀን ላሰው፣ በማግስቱ አውራ ጣቱን በሳው። እትዬን ግን ነክቷቸው አያውቅም።

«በቃ አገኘንላት» አሉ እትዬ። «ለጥፊው።»

ለጠፈችው። ምሳዋን ልትበላ ተቀመጠች። ያለ ምክንያት? እንዴት ሆኖ? ምሳ ዕቃዋን ከድና ተመለሰች።

ጓንት አድርጋ ሞከረች፤ አውልቃም ሞከረች። ሳሙናዋን ቀየረች። አንዴ ተነከሰች፣ አንዴ ተረፈች። ለሦስተኛ ጊዜ ስትነከስ ግን እጇ በየት በኩል እንደ ነበር ልብ አለች። ከቀኙ የመጣ እጅ ደህና ይገባል። ከግራው የመጣውን ይዘነጥለዋል። የዓይን መመርመሪያ ባትሪዋን አወጣች። ቀኝ ዓይኑ ላይ ስታበራ ብሌኑ ጠበበ፤ ግራው ላይ ስታበራ ንቅንቅ አላለም።

«እትዬ፣ ይምጡ። በግራ ዓይኑ አያይም። እኛ እግር እግሩን ስናይ ዓይኑን ዘነጋነው። ድንገት የሚነካው ሁሉ ጠላት ይመስለዋል።»

«እኔንስ ለምን ማረኝ?»

«እርስዎማ ከበሩ ጀምሮ እያወሩ ነው የሚመጡት። ይሰማዎታል።»

«ተመስገን» አሉ እትዬ። «ባለቤቴ ወሬሽ አንድ ቀን ያስነክስሻል ይለኝ ነበር።» ፕላስተሩን ራሳቸው ላጡት። ቃሏ እንደገና ያለ እንስሳ ቀረች።

በፈተናው ቀን ፈታኟ ሴት ወረቀት ገፋ አደረገችላት፤ ትዕግሥት የጠየቀሽን አንድ ሥራ ተናገሪ ይላል። ዶክተሯ በሕይወቷ ታግሣ የሠራችው ነገር እንደሌለ ልትናገር ምንም አልቀራት። «ጉድ» እና «ባድ» ከሩቅ ሲመጡ ታዩዋት። ወዲያው ድመቱ ትዝ አላት።

ከድመቱ ጀመረች። ከዚያ ሽማግሌው ውሻ ፊቱን ወደ ግድግዳ ሲያዞር ታያትና ሪላክታንት አለች፤ ፍየሉ ገመዱን እያኘከ መጣ፤ ጥንቸሏ ሳህኗን ገለበጠች። ቃላቱን አልፈለገቻቸውም፤ የየራሳቸውን እንስሳ ተከትለው ገቡ። አርቢትራሪ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። ይህች ቃል የምትከተለው የላትም፤ ስለዚህ እንዴት እንደ ፈለገችላት፣ እንዴት አገኘሁ ብላ እንደ ተሳሳተች ተረከች።

ሰዓቱ አለቀ። ፈታኟ ወረቀቱን መሰብሰብ ሲገባት ብዕሯን አስቀመጠች።

«የድመቱ ባለቤትስ ዓይኑ እንደማያይ አላወቀችም ነበር?» አለች፣ ከጥያቄዎቹ ውስጥ የሌለ ጥያቄ።

ውጤቱ የመጣ ዕለት ዶክተሯ የጥንቸሏን ጥርስ እየሞረደች ነበር። ስልኳን በክርኗ ገፍታ አየችው። የንግግሩ ነጥብ ዩኒቨርሲቲው ከሚጠይቀው በግማሽ ነጥብ በልጧል።

«አለፍኩ» አለች፣ ሞረዱን ሳታስቀምጥ።

እትዬ ባልዲያቸውን አስቀምጠው ግንባሯን ሳሟት። ከዚያ ድመቱ የነበረበትን ባዶ ኬጅ አዩ። «ያቺ ቃልስ? ምንም ሳታገኝ ልትቀር ነው?»

«አልተገኘላትማ።»

«እንግዲህ ይዘሻት ሂጂ» አሉ። «የዚያ አገር እንስሳ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ማን ያውቃል። ካገኘሽ ግን ሳትለጥፊ ደውዪልኝ፤ እኔ ሳልስማማ አይሆንም።»