ያልተቀመሰ ቋሊማ

ቀጸላ ሹክሹክታ አትችልበትም። ድምጿን ዝቅ ባደረገች ቁጥር የለቅሶው ድንኳን ጸጥ ይልላትና ሰው ሁሉ ጆሮውን ይቀስራል።

«አሳማ ነው እኮ» አለች፣ የሻይ ብርጭቆዋን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ። «ቋሊማ ሌላ ከምን ይሠራል? ወረቀቱን በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ።»

ሸዋረጋ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ፣ ጥቁር ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ስባ፣ እንዳልሰማች ሆነች። ሰምታለች። ባሏ አካሉ የካ ሚካኤል ከተቀበረ ዛሬ ሰልስቱ ነው። አመሻሽ ላይ የእድሩ ሰዎች መጥተው ድንኳኑን ይነቅላሉ፤ ወንበሩና ብርጭቆው ተቆጥሮ ይመለሳል፤ ለቅሶ ደራሹም የሰማውን ይዞ ወደየቤቱ ይገባል።

ነገሩ የመጣው በወረቀት ነው። ማክሰኞ ጠዋት ልጇ ናዝራዊት የአባቷን መታወቂያ ለቀብሩ ጉዳይ ስትፈልግ፣ ከካፖርቱ ኪስ አንድ የታጠፈ ወረቀት ወጣ። ግራ ገብቷት ሰው ፊት ጮክ ብላ አነበበችው። «ቋሊማ። ሙከራ ሁለት መቶ አንድ። ስጋ ሁለት ኪሎ፣ የደረቀ ዳቦ። ጦስኙን ራሴ ከእንጦጦ አመጣለሁ። ገውዙ ይቀነስ፤ እሷ ልክ ነበረች።» በቃ፣ ይኸው ነው። ጎረቤቷ ቀጸላ ከጀርባዋ ቆማ ነበር።

አካሉ ቀበና አንዲት እንግሊዛዊት ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ወጥ ቤት ሆኖ መሥራቱን ሰፈሩ ያውቃል። ለሴትዮዋ አሳማ መጥበሱንም ያውቃል። በላ ወይስ አልበላም የሚለውን ግን ማንም አያውቅም፤ ያ ባዶ ቦታ ደግሞ ለወሬ የተመቸ ነው።

ሸዋረጋ ሐሜት አዲሷ አይደለም። አርባ ዓመት የካ ኖሮ ያልታማ ሰው ካለ ገና ያልተወለደ ነው። የከበዳት የምትመልሰው ማጣቷ ነው። አንዷ ፊት ለፊት መጥታ «ለመሆኑ በላ?» ብትላት ምን ትላለች? ሠላሳ ስምንት ዓመት አብራው ኖራ አታውቅም። «እሷ» የተባለችው ማን እንደሆነችም አታውቅም። ድንኳኑ ሳይነቀል ካላወቀች፣ ባሏ ሁለተኛ ሊቀበር ነው፤ ያውም በስሙ።

ስምንት ዓመት ሆነው፣ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ፣ አካሉ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቀበና በእግሩ ይወርድ ነበር። ማታ ሲመለስ እራት አይበላም። «የት ዋልክ?» ስትለው «ጓደኛ ጋ» ይላል፤ እሷም ትተወዋለች። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? የእሷ ዝምታ ግን ውስጥ ውስጡን ሲነቅዝ ከርሟል። አንድ ቅዳሜ ልብሱን ልታጥብ ስታገላብጥ እጅጌው ላይ ቀይ ክር ተጠምጥሞ አገኘች። ደግማ ደጋግማ አየችውና ኪሱ ውስጥ ከተተችው። ልጠይቀው አልጠይቀው እያለች ሳምንቱ አለፈ፤ ከዚያም ዓመታቱ።

አራት ሰዓት ላይ አንዲት ቀጠን ያለች፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት የድንኳኑን ሸራ ገለጥ አድርጋ ገባች። በእጇ መድኃኒት የሚያዝበትን ዓይነት ትንሽ የበረዶ ሣጥን ይዛለች። ሸዋረጋ አወቀቻት፤ ማክሰኞ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ ተደግፋ፣ ወደ ውስጥ ሳትገባ፣ ሬሳው እስኪያልፍ ድረስ ስታለቅስ አይታታለች። ያን ዕለት ማን ናት ብላ ለመጠየቅ አቅም አልነበራትም።

ሴትዮዋ መጥታ ፍራሹ ጫፍ ላይ በርከክ አለች።

«እትዬ ሸዋረጋ፣ ፈጣሪ ያጥናዎት። ዙሌካ እባላለሁ። ከጋሽ አካሉ ጋር ማዳም ቤት አብረን የሠራን ነን፤ እኔ ቤቱን እይዝ ነበር።» ሣጥኑን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። «ቅር ካላለዎት ለብቻዎ አንድ ነገር ላሳይዎት። በረዶው ሳይሟሟ።»

ሸዋረጋ ተነሣች። ከኋላዋ የቀጸላ አንገት ሲረዝም ታወቃት።

ወጥ ቤት ገብተው በሩን መለስ አደረጉት። ዙሌካ ሣጥኑን ከፍታ አንድ ፌስታል አወጣች። ፌስታሉ ውስጥ ጣት ጣት የሚያካክሉ፣ ፈዘዝ ያለ ሮዝ መልክ ያላቸው ነገሮች ሁለት ሁለት ሆነው በቀይ ክር ታስረዋል።

«የእሱ ነው» አለች ዙሌካ። «የእኔ እጅ አልነካውም። ስጋውን የገዛው ከእናንተው ስጋ ቤት ነው፣ አንጀቱንም ያጠበው እሱ፣ ያሰረውም እሱ። የእኔ በአረንጓዴ ክር ነው የሚታሰረው፣ እንዳይቀላቀል።»

ሸዋረጋ ከጉያዋ ወረቀቱን አውጥታ ሰጠቻት። ዙሌካ አንብባ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋ መንገድ ላይ ተሰበረና በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«ተቀበለኝ ማለት ነው! አራት ወር ሙሉ ገውዙ በዝቷል ስለው፣ አልበዛም ብሎ ድርቅ።»

«እሷ ማለት እርስዎ ነዎት እንግዲህ።»

«ሌላ ማን ይከራከረዋል?»

ሸዋረጋ ትንፋሿን ሰብሰብ አደረገች። አሁን ካልጠየቀች መቼም አትጠይቅም።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ እውነቱን ይንገሩኝ። አካሉ አሳማ በልቷል?»

«ኧረ ምን በወጣው!» ዙሌካ ዓይኗ ፈጠጠ። «እሱም አልቀመሰ፣ እኔም አልቀመስኩ። ሃያ ሁለት ዓመት እሱ ጠበሰ፣ እኔ አቀረብኩ። ጨዉን እንኳ ቀምሳ የምትነግረው ማዳም ነበረች። ሽታውን ግን ማን ይከለክላል? ማዳም አገሯ ከገባች በኋላ አንድ ቀን መገናኛ ሻይ ይዘን ተቀምጠን፣ ‹ዙሌካ፣ ያ ነገር ግን ምን ምን ይል ይሆን?› አለኝ። እንግዲህ እሷ ጥያቄ ናት የያዘችን።»

ማዳም ስትሄድ የእጅ ስጋ መፍጫዋን ትታላቸው ነበር። አሳማ የተፈጨበት ስለሆነ ሁለቱም ለራሳቸው ሊሠሩበት ተጸየፉትና ለቁራሌው ሰጡት። ከዚያ መርካቶ ወርደው ሁለት አዲስ መፍጫ ገዙ፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ። ቀበና የዙሌካ ጓሮ ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ ዘረጉ። እሷ ከሙስሊም ስጋ ቤት፣ እሱ ከክርስቲያን ስጋ ቤት በግ ይገዛሉ። አንጀቱን ቀጭን እንጨት ላይ ገልብጠው በቢላ ጀርባ ይፍቃሉ፣ በጨውና በሎሚ ያጥባሉ። ልኩ አንድ ነው፣ ሥራው አንድ ነው፣ ስጋውና ቢላው ብቻ ይለያያል።

«ታዲያ እንዴት ነው አንዳችሁ የሌላችሁን ሳትቀምሱ ልክ ነው፣ ልክ አይደለም የምትባባሉት?» አለች ሸዋረጋ። ሐዘኗን ለአፍታ ረስታዋለች፤ እንደረሳችውም አላወቀችም።

«በወሬ ነዋ! እሱ የራሱን ይቀምሳል፣ እኔ የራሴን። ከዚያ እንነጋገራለን። ‹መጀመሪያ ለስለስ ብሎ ዳቦው ይመጣል፣ ቁንዶ በርበሬው ዘግይቶ ጉሮሮ ላይ ይቆማል› ይለኛል። እኔም የኔን እነግረዋለሁ። ስምንት ዓመት አንዲት ቁራጭ አልተቀያየርንም። ግን ልማልልዎት፣ የጋሽ አካሉን ቋሊማ ከራሴ አብልጬ ነው የማውቀው።»

«ቆይ፣ ዳቦ? ስጋ ውስጥ ዳቦ?»

«ማዳም እንዲያ ነበር የምታሠራው። የስጋውን ውሃ ይይዛል፣ ሲጠበስ አይደርቅም።»

«ስጋ የቸገራቸው ሰዎች ናቸው እንጂ!» አለች ሸዋረጋ፤ በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷ ብልጭ አለ። ወዲያው ግን ፊቷ ተመለሰ። «ይኼ ሁሉ ምኑ ነው የሚደበቀው? ለምን አልነገረኝም?»

ዙሌካ ፌስታሉን አስተካከለች፣ ክሩን ዳበሰች።

«እንደሚጸየፉ ነግሮኝ ነበር» አለች በመጨረሻ።

ሸዋረጋ ልታስተባብል አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ትዝ አላት። ማዳም ቤት በገባ በመጀመሪያው ወር ነው። ናዝራዊት ገና ትድሃለች። አካሉ ከሥራ መጥቶ፣ ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ፣ ልጁን ብድግ አድርጎ አቀፋት። ሸዋረጋ ከጓዳ ብቅ ብላ «ያንን በነካህበት እጅ ልጄን እንዳትነካት!» አለች። ወጣት ነበረች፣ ሰፈሩን ፈርታ ነበር። አካሉ አልተቆጣም። ልጅቷን ቀስ አድርጎ ምንጣፉ ላይ አስቀመጣት፤ ውጭ ወጥቶም ሲታጠብ ቆየ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሥራው አንድም ቃል ተናግሮ አያውቅም። እሷ በማግስቱ ረሳችው። እሱ ሠላሳ ዓመት ተሸክሞት ኖረ።

አፈረች። ያፈረችው በዙሌካ ፊት አይደለም፤ በዚያ ልጁን ቀስ አድርጎ ባስቀመጠው ሰው ፊት ነው። አሁን ይቅርታ ልትጠይቀው ብትፈልግ የት ታገኘዋለች?

«እኔ ነኝ ያስደበቅኩት» አለች።

ዙሌካ አይደለም አላለችም። ሸዋረጋ ስለዚያ ወደደቻት።

«ቅዳሜ ነው ያሰረው» አለች ዙሌካ ቆይታ። «ማረፍ አለበት ብሎ እኔ ቤት ፍሪጅ፣ የሱ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው። ማክሰኞ መጥቶ ሊጠብሰው ነበር፤ ሰኞ ይኼ መጣ። እኔ ልቀምሰው አልችልም፣ ልጥለውም አልሆነልኝም። ሐዘን ላይ ይኼን ይዤ መምጣቴ ነውር ነው፣ አውቃለሁ። ግን እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ ልቀር ነው እኮ፣ እትዬ ሸዋረጋ።»

በለቅሶ ቤት ሐዘንተኛ እሳት አትነካም። ጎረቤት ያበስላል፣ ጎረቤት ያቀርባል፤ እሷ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ሸዋረጋ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረችና ቡታጋዙን ለኮሰች።

«እንዴት ነው የሚጠበሰው?»

«እሳቱን በጣም ይቀንሱት። ዘይት ጠብ ያድርጉ፣ አይብዛ። ኧረ እንዳይወጉት! በሹካ ከተወጋ ጭማቂው ይፈሳል፤ ሁለተኛው ሙከራችን ላይ ነው ያወቅነው።»

ቋሊማው መጥበሻው ላይ ቀስ እያለ ተነፋ፣ ፉጨት የመሰለ ድምፅ አሰማ፣ ጎኑ ወርቅማ እየሆነ መጣ። የጦስኙ ሽታ ወጥ ቤቱን ሞልቶ በበሩ ሥር ሾልኮ ወጣ። ድንኳኑ ውስጥ ወሬው ቆመ። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳና የቀጸላ ፊት ብቅ አለ።

«ሸዋዬ፣ ምንድን ነው የሚሸተው? ምነው አንቺ እሳት ላይ?»

«ቋሊማ ነው» አለች ሸዋረጋ፣ ድንኳኑ ድረስ እንዲሰማ አድርጋ። «አካሉ የሠራው። የበግ ነው፣ ከእኛው ስጋ ቤት። ባሌ አሳማ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ያንኛውን ያወራሽውን ያህል ይኼንንም አውሪልኝ።»

«ኧረ እኔ ምን ወጣኝ!» አለች ቀጸላ፤ ፊቷ ግን ቀልቷል። ልትሄድ ዞር ብላ መጥበሻውን በስርቆሽ አየችው። «ግን… ዳቦ አለው የተባለው እውነት ነው?»

«ሂጂ አሁን፣ ኋላ ትቀምሻለሽ።»

በሩ ተዘጋ። ሸዋረጋ አንዱን አውጥታ ሳህን ላይ አደረገችው፣ ክሩን በቢላ ጫፍ ፈታችና ጫፉን ቆረጠች። ከሰኞ ጀምሮ ከውሃ በቀር ምንም አልቀመሰችም። አፏ ውስጥ አድርጋ አኘከች። ዙሌካ ከበርጩማዋ ወደ ፊት አዘንብላ አፍ አፏን ታያለች።

«እ? እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው።»

«ጥሩ ማለትማ አይበቃም። እሱ ጥሩ ብሎ አያውቅም። መጀመሪያ ምን መጣ?»

ሸዋረጋ ልትመልስ ሞከረች፤ ለቅሶ ቀደማት። ሦስት ቀን ሰው ሲመጣ የጮኸችው፣ ሙሾው፣ ደረት መምታቱ ሁሉ ለሰው ነበር። ይኼኛው ያለ ድምፅ መጣ። እንባው ጉንጯን አልፎ አንገቷ ላይ ወረደ። ዙሌካ አላባበለቻትም፣ አላቻኮለቻትምም። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጠበቀቻት።

ሸዋረጋ እንባዋን ሳትጠርግ ሁለተኛ ቁራጭ ቆረጠች። አፏ ውስጥ ከተተች፣ ዓይኗን ጨፈነች፤ «ቆይ፣ ልንገርሽ» እንደሚል ሰው አንድ እጇን ወደ ዙሌካ ዘርግታ፣ ቀስ ብላ ታኝክ ጀመር።