ባለቤት ያጣ ዕቃ

በሆሳዕና መናኸሪያ ጀርባ ካለው የሱቆች መደዳ ውስጥ እምቢ ማለት የማትችል አንዲት ሴት ነበረች፤ ረምላ ትባላለች። ይህን ጠባይዋን ከጫኝና አውራጁ እስከ ትኬት ሻጩ የማያውቅ አልነበረም። ሻንጣ የከበደው መንገደኛ "እስክመለስ ያዢልኝ" ይላታል፣ ትይዝለታለች። አንድ ጊዜማ ከነነፍሱ በግ ተቀብላ፣ ባለቤቱ ወራቤ ደርሶ እስኪመለስ ሳር ስትገዛለት ውላለች። አላህ የሰጣት ልብ ነው፣ ምን ይደረጋል።

ሱቋ ግን እንደ ልቧ ሰፊ አልነበረችም። ባልዲና ጆግ፣ የፕላስቲክ ሳህንና ማጥለያ የምትሸጥባት ጠባብ ክፍል ናት። እዚህ እስክትደርስ ከሀቢቾ እስከ ሀደሮ በየገበያው ሸራ ዘርግታ፣ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅባት ኖራለች። የንግድ ፈቃዷን ያወጣች ቀን ሸራዋን አጥፋ ለሌላ ሴት ሰጠችና "ሁለተኛ መሬት ላይ አልነግድም" ብላ ማለች። ይህችን መሐላ ያዙልኝ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ጣጣ ሁሉ እሷን የሚነካ ነው።

በመደዳው ጥግ ካፌ አለ፤ በካፌው በረንዳ ላይ ደግሞ ሽብሩ አለ። ሽብሩ ድሮ አንድ ቢሮ ውስጥ መዝገብ ቤት ሠርቷል፤ ለምን እንደለቀቀ ሲጠየቅ ሻይ ያዛል። አሁን ክራቫቱን አስሮ፣ ፎቶ ኮፒ ማሽን አጠገቡ አቁሞ፣ ለነጋዴው የግብር ምክር ይሸጣል። እሱ ራሱ ንግድ ፈቃድ የለውም። ይህ ሲነሳበት "ሐኪም ራሱን አያክምም" ይላል፤ ሰውም ያምነዋል። ክራቫት ክፉ ነገር ነው።

ታዲያ አንድ ሰሞን የቀን ገቢ ገማቾች ሊመጡ ነው ተባለ። እነዚህ ሰዎች በየሱቁ እየዞሩ፣ ዕቃውንና ገበያውን አይተው "ይሄ ሱቅ በቀን ይህን ያህል ይሸጣል" ብለው ይጽፋሉ፤ የዓመቱ ግብር ከዚያ ይሰላል። የትንሽ ነጋዴ ዕጣ ገማቹ መደርደሪያውን ባየባት ቅጽበት ትወሰናለች ማለት ነው። በመደዳው እንቅልፍ ጠፋ። ሁሉም ወደ ሽብሩ ሮጠ።

ሽብሩም ለያንዳንዱ በጆሮው ነገረው፦ "ለማንም እንዳትተነፍስ። ሱቅህን አራቁት፣ ዕቃውን ረምላ ጋ አስገባ። እሷ ፈቃድ ያወጣችው ዘንድሮ ነው፤ አዲስ ነጋዴ በመጀመሪያ ዓመቱ አይገመትም።" ይህን ሕግ ከየት እንዳመጣው እሱና ፈጣሪው ይወቁ። የአንድ ሰው ምስጢር አድርጎ ለመደዳው ሁሉ ሸጠው።

በማለዳ መጀመሪያ የመጣው ቴሌቪዥንና ሪሲቨር ነጋዴው ጀሚል ነበር። "ረምላ እህቴ፣ ጣራዬ ስላፈሰሰ ዕቃውን ላንቺ ልተው" አላት። ሰማዩ ላይ አንዲት ዳመና የለችም። ቀጥሎ ቀለምና ሚስማር ሻጩ ሳዲቅ በጋሪ ጭኖ መጣ፤ ሱቁን ቀለም ሊቀባ ነው አላት፤ ያመጣው ደግሞ የሱቁን ቀለም በሙሉ ነው። ከዚያ የሴቶች ቀሚስ የምትሸጠው ጣቢታ ደረሰች። ጣቢታ የኳየር መሪ ናት፣ ውሸት አይወጣትም። "ምክንያቱን አትጠይቂኝ፣ ብቻ ተቀበዪኝ" አለቻት። መጨረሻ ላይ ሽብሩ ራሱ ፎቶ ኮፒውን አስይዞ መጣና "ማሽኑ ብርድ አይስማማውም" ብሎ ባልዲዎቹ ላይ አስቀመጠላት።

ረምላ ሁሉንም "እሺ፣ አደራችሁ ከኔ ጋ ነው" አለች። እሷ ራሷ መግቢያ አጥታ ደፍ ላይ ቆመች።

ገማቾቹ ረፋድ ላይ መጡ። ከመካከላቸው የምትናገረው አዜብ የምትባል ከገቢዎች የመጣች ቀጭን ሴት ነበረች። ጀሚል ባዶ መደርደሪያ ፊት የተቀደደ ሹራብ ለብሶ ተቀምጧል። ሳዲቅ ጋ ጥቂት ሚስማር አለ፣ እሱም ዝጓል። ጣቢታ ጋ ባዶ መስቀያ ብቻ። "ገበያው ሞቷል" አሏት ሦስቱም፣ ለቅሶ ቤት የተቀመጡ ነው የሚመስሉት። አዜብ ጻፈች።

ረምላ ጋ ሲደርሱ በሩ ከግማሽ በላይ አልከፈት አለ። አዜብ አንገቷን አስግጋ አየች፤ ቴሌቪዥኑ እስከ ጣራ፣ ቀለሙ በቆርቆሮ፣ ቀሚሱ በክምር።

"ይሄ ሁሉ ያንቺ ነው?"

"ኧረ አደራ ነው" አለች ረምላ።

"የማን አደራ?"

ረምላ ዞር ስትል ጎረቤቶቿ በሙሉ ከኋላ ቆመዋል። ስማቸውን መጥራት ከበዳት፤ ራሳቸው ይናገሩ ብላ ጠበቀች። አዜብም ወደነሱ ዞረች። "የኔ አይደለም" አለ ጀሚል። ሳዲቅ "የኔም አይደለም" ብሎ ጫማውን ማየት ጀመረ። ጣቢታ ላብ አጠመቃትና "ንብረት ሁሉ የጌታ ነው" አለች።

"ጌታ ቲን ቁጥር የለውም" አለች አዜብ። "ያንቺ ነው ወይስ አይደለም?"

"አይ... እኔ እንኳ..." አለችና ጣቢታ እንደ ሌሎቹ የኔ አይደለም ብላ ፈረመች። ከአፏ የወጣ ውሸት አይደለም፤ እጇ ነው የዋሸው። ዕቃው የረምላ ነው ተብሎ ተጻፈ፤ ግምቱም ጅምላ አከፋፋይ የሚያክል ሆነ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው።

ለረምላ ሸራው ታያት፤ የሀቢቾ ገበያ ጭቃ፣ ዝናብ ሲመጣ ጆግ ይዞ መሮጡ። ከሁሉ በላይ ያቃጠላት ግን ግምቱ አልነበረም፤ አደራ ስትል አንድ ሰው "አዎ" ብሎ አለመቆሙ ነው። አዜብን ተከትላ ሄዳ "ይሄ ከጸና ፈቃዴን መመለሴ ነው" አለቻት።

"ባለቤቶቹ ቢሮ መጥተው የኛ ነው ካሉ ይስተካከላል" አለች አዜብ። "ካልመጡ ያንቺ ነው። የራስሽን ዕቃ ደግሞ መሸጥ ትችያለሽ።"

ገማቾቹ ከመደዳው ሲወጡ ጎረቤቶቿ እየሳቁ፣ ጋሪ እየጎተቱ መጡ። "አላህ ይስጥሽ፣ አሁን እንውሰድ" አለ ጀሚል።

"እምቢ" አለች ረምላ።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። ጀሚል ነገሩን በሀዲይኛ ያለሳልስ ጀመር፤ ስለ እናቷ፣ ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ ጉርብትና። በእናት ቋንቋ እየተለመነች አልቀበል ያለች ሴት አይታ የማታውቀው ረምላ በአማርኛ መለሰችለት፦ "የቢሮ ጉዳይ በቢሮ ቋንቋ ነው። አደራ የሰጠኝ ሰው አዜብ ፊት ይቁምና የኔ ነው ይበል።"

በማግስቱ የአዲስ አበባው አውቶቡስ መንገደኛ በሚሞላበት ሰዓት ደፏ ላይ ቆማ "ባለቤት የሌለው ዕቃ፣ በቅናሽ" ብላ ተጣራች። ሰው ጎረፈ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ክር እንኳ አልሸጠችም፤ አደራ ነዋ። ለሚከራከራት ሁሉ "ትንሽ ጨምር" እያለች ታቆያለች። ይህን ግን ጎረቤቶቿ አያውቁም። ጀሚል የገዛ ቴሌቪዥኑ በጎመን ዋጋ ሲጠየቅ እየሰማ ሹራቡን ይቀድዳል፤ ሳዲቅ ውሃ ጠጥቶ ውሃ ይጠጣል። በመጨረሻ አንዲት የሀደሮ ሴት የጣቢታን ውድ ከፋይ ቀሚስ ለብሳ መስታወት ፊት ስትሽከረከር የኳየር መሪዋ ትዕግሥት አለቀ።

"አውልቂው፣ የኔ ነው" አለች ጣቢታ።

"እዚህ አይደለም፣ ቢሮ ነው የሚባለው" አለቻት ረምላ።

ሦስቱም አንገታቸውን ደፍተው ገቢዎች ሄዱ። ንስሐም ይሁን ንብረት እዚያ ያደረሳቸውን እነሱ ያውቃሉ። ግምቱ ዳግመኛ ተሠራ፤ የነሱ ወደ ላይ ወጣ፣ የረምላ ወርዶ ለባልዲና ለጆግ የሚገባው ሆነ። ወረቀቱን ይዛ መንገድ ላይ አለቀሰች፤ የደስታ ነው፣ ማንም ቢያያት ግድ አልነበራትም።

ዕቃው ሁሉ ወጥቶ ሲያልቅ ባልዲዎቹ ላይ ፎቶ ኮፒው ቀረ። አዜብ ሱቁን ለማየት ስትመለስ "ይሄስ የማን ነው?" አለች። ሽብሩ በረንዳው ላይ ነበር። የኔ ነው ካለ ያለ ፈቃድ መነገዱን በራሱ አፍ መሰከረ ማለት ነው።

"ጋሽ ሽብሩ፣ የርስዎ አይደለም እንዴ?" አለች ረምላ።

"እኔ የምን ንግድ አለኝና" አለ ሽብሩ። ሻይ አዘዘ።

ወሩ ሳያልቅ ረምላ ሥራውን ፈቃዷ ላይ አስጨመረችና በሯ ላይ "ፎቶ ኮፒ" የሚል ሰሌዳ ሰቀለች። አንድ ቀን ሽብሩ የደንበኛ ሰነድ ይዞ መጣ፤ ሌላ ማሽን ያለው መናኸሪያውን አልፎ ነው። ከኋላው ተራ የያዘችው አዜብ ነበረች፣ መታወቂያ ልታስገለብጥ።

ረምላ ሰነዱን ሳትቀበል ቀና ብላ አየችው። "ጋሽ ሽብሩ፣ እኔ አደራ አልበላም። አንዴ ብቻ የኔ ነው ይበሉ፤ አሁኑኑ ተሸክሜ ካፌ ድረስ አደርስልዎታለሁ።"

ሽብሩ ማሽኑን አየ። አዜብን አየ። ክራቫቱን ትንሽ ላላ አደረገና ከኪሱ ብር አወጣ።

"በሁለቱም ገጽ አድርጊልኝ" አለ።