የሳሳው መስገጃ

«ያንን ወንበር ተይው» አለች ፈትሂያ።

ለቅሶው ሁለተኛ ቀኑ ነው። ከገራዶ የመጡ ሽማግሌዎች ድንኳኑ ውስጥ መቀመጫ አጥተው ቆመዋል። ጎረቤቷ ፊርደውስ ቤት ውስጥ ከጥግ ያነሳችውን ወንበር ቀስ ብላ መለሰችው። ሟቹ የፈትሂያ አባት መሕሙድ የቀኝ ጉልበታቸው በብረት ከተተካ ወዲህ ይሰግዱበት የነበረ ወንበር ነው።

ወንበር ላይ ያስቀመጠቻቸው ራሷ ፈትሂያ ናት። ኮምቦልቻ፣ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ብረት መርማሪ ነች። የተለበጠ ብረት እንዴት እንደሚበላ ታውቃለች፤ ልባጡ አንዴ ከተጫረ የሚረግፈው ብናኝ እንደ አሸዋ ሆኖ የቀረውን ይፍቀዋል። ሐኪሙ የሚተከለውን የብረት ጉልበት ናሙና ሲያሳያቸው ቀድማ በጣቷ የዳሰሰችው ልባጡን ነበር።

«ስንት ዓመት ይቆያል?» አለችው።

«ከተጠነቀቁለት ሃያ ዓመትም ሊዘልቅ ይችላል። መንበርከክ ባይበዛ ጥሩ ነው።»

መሕሙድ ሳቁ። «እኔ ሰባውን አልፌያለሁ ዶክተር። ማን ሊወርሰው ነው?»

ፈትሂያ ግን «ባይበዛ» የተባለውን ክልክል አደረገችው። ወንበሩንና አዲስ መስገጃ ከሰኞ ገበያ ገዝታ መጣች። አንድ ቀን፣ «ልጄ፣ ግንባሬን መሬት ናፈቀው» አሏት።

«ብረቱ ይበላል አባባ።»

ዳግመኛ አላነሱባትም። በአራተኛው ዓመት ልባቸው ደክሞ አረፉ። በመጨረሻው ራጅ ላይ ብረቱ ምንም ሳይበላ እንደተተከለ ነበር።

አጎቷ አብዱልወሀብ ገብተው አጠገቧ ተቀመጡ። የወንድማቸውን ጀናዛ ያጠቡት እሳቸው ናቸው።

«አውፍ ሳይሉኝ፣ ይቅር ሳይሉኝ ሄዱ» አለቻቸው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሱጁድ ወርደው ግንባራቸውን መሬት እንዳያስነኩ ከልክያቸው።»

ጀናዛ ያጠበ ሰው ገላው ላይ ያየውን አያወራም። «እኔ ያየሁትን አልነግርሽም» አሉ አጎቷ። «አንቺ መርማሪ አይደለሽ? መስገጃውን እዪ።»

ከወንበሩ መደገፊያ ላይ አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋችው። ግንባር የሚያርፍበት ሳስቷል። ከዚያ ዝቅ ብሎ ጉልበት የሚያርፍባቸው ሁለት ቦታዎች ላይ ክሩ ተራቁቷል፤ የግራውም የቀኙም እኩል። ወንበሩን ገልብጣ አየችው። የእግሮቹ ጎማ እንደ አዲስ ነው።

«እኔ ፊት ብቻ ነበር የሚቀመጡበት?»

«አንቺ ቤት ስትሆኚ እኔን በር ላይ ያቆሙኝ ነበር» አሉ አጎቷ። «'መርማሪዋ ስትመጣ ሳል' ይሉኛል። ስንቴ ያለ ጉንፋን አሳሉኝ መሰለሽ።»

ፈትሂያን ሳቅ አመለጣት፤ ለቀስተኛ እንዳይሰማ ሻሿን አፏ ላይ ያዘች። እንባዋ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«ፊርደውስ» አለች ስትረጋጋ፣ «ወንበሩን ለሽማግሌዎቹ ውሰጂላቸው።»

ከዚያ ጎንበስ ብላ መዳፏን በመስገጃው ቀኝ፣ የብረቱ ጉልበት ባራቆተው ቦታ ላይ አሳረፈች።