ወንድሟ ያስጨመረው ጥያቄ

«ተገላገለ» አለች አክስቷ፣ የሻይ ብርጭቆዋን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ። «እሱም ተገላገለ፣ አንቺም አረፍሽ።»

ልብስ ሰፊዋ ወንድሟን ከቀበረች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው። ሳሎኗ በጎረቤት ተሞልቷል፤ ከየቤቱ የተዋሰ ወንበር ግድግዳውን ተከትሎ ተደርድሯል። ጥግ ላይ ሁለት ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሬዲዮ ማለት እኮ ያ ብቻውን እያወራ የሚሄደው ነው» ሲባባሉ ሰማቻቸው። ሰፈሩ የወንድሟን ትክክለኛ ስም ከረሳው ሃያ ዓመት አልፎታል።

ሬዲዮ ከመባሉ በፊት የሂሳብ አስተማሪ ነበር። እናታቸው ከሞተች በኋላ እሷ ናት ያሳደገችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍል ሲገባ የለበሰውንም ኮት በእጇ ነው የሰፋችለት። በሃያ ስድስት ዓመቱ እንቅልፍ አጣ። ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማ፣ መልስም ይሰጠው ጀመር። አንድ ቀን ከድምፁ ጋር ሲጣላ የጎረቤት መስኮት ሰበረ። «ወይ ያዢው፣ ወይ እኛ እንይዘዋለን» አሏት። ጨርቅ የምታስቀምጥባትን የጓሮ ክፍል ባዶ አደረገችና ቁልፍ ገዛች። ለጥቂት ቀን ነው ብላ ነበር። አራት ዓመት ሆነ።

በሩን ሲደበድብ ላለመስማት የስፌት መኪናዋ ላይ ትቀመጥ ነበር። የምትሰፋው ጨርቅ ባይኖራትም ፔዳሉን ትረግጥ ነበር። አንድ ቀን ድብደባው ድንገት ቆመና ድምፁ በጣውላው ስንጥቅ መጣ።

«እታለም፣ ባዶውን እኮ ነው የምትሰፊው።»

እግሯ ፔዳሉ ላይ ደርቆ ቀረ። በሩን ግን አልከፈተችም።

«ነፍስ ይማር።»

ልብስ ሰፊዋ ቀና አለች። ቦርሳ ያንጠለጠለች፣ መነጽር ያደረገች ሴት የሳሎኑ በር ላይ ቆማለች። «ተመራማሪ ነኝ» አለች። «ከጋሼ ጋር ነበር የምንሠራው፣ ማክሰኞ ማክሰኞ።»

«የቱ ጋሼ?» አለች አክስቷ።

«የእሳቸው ወንድም ናቸዋ!» አለች ተመራማሪዋ፣ ልብስ ሰፊዋን እያሳየች።

ሴቶቹ ተያዩ። ሬዲዮን አንቱ የሚል ሰው ሰምተው አያውቁም።

ልብስ ሰፊዋ ማክሰኞን ታውቀዋለች። በአራተኛው ዓመት ቤት ለቤት የምትዞር ነርስ ወንድሟን አገኘችው፤ በሩ ተከፈተ፣ መድኃኒት ጀመረ፣ ቀስ በቀስም ሰው ሆነ። በኋላ ስለ አእምሮ ሕመም የሚያጠኑ ሐኪሞች፣ ሕመሙን በራሳቸው ያዩ ሰዎችም አብረውን ያጥኑ ብለው ጠሩት። ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ሸሚዙን ራሱ ይተኩሳል። እሷ ግን በሆዷ፣ «አዝነውለት ነው፤ ወንበር እንዲያሞቅ ነው» ትል ነበር። ባለፈው ማክሰኞ፣ «ዛሬ ውጤቱን የማቀርበው እኔ ነኝ፤ መጥተሽ ስሚኝ» አላት። «ሥራ በዝቶብኛል» አለችው። ሐሙስ ጠዋት የጫማውን ክር ሊያስር እንዳጎነበሰ ልቡ ቀጥ አለ።

«ምን ይሠራላችሁ ነበር?» ስትል ጠየቀች አሁን።

ተመራማሪዋ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። «መጀመሪያ ስንገናኝ ስልሳ ጥያቄ ይዘን ነበር። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ድምፅ መስማት... ከሦስት ዩኒቨርሲቲ የመጡ ምሁራን ሁለት ዓመት የደከሙበት ነው። ጋሼ አነበቡትና፣ ‹ሁሉም ጥሩ ነው። ግን በር ይቆለፍባችኋል ወይ ብላችሁ አትጠይቁም። የተቆለፈበትን ሰው ሳታገኙ ማንን ልታክሙ ነው?› አሉን። ስልሳ አንደኛ አድርገን ጨመርነው።»

ጥግ ላይ ያሉት ሁለት ሴቶች ወንበራቸውን ወደ ተመራማሪዋ አዞሩ።

«ሐኪሞቹ ያላሰቡት ነገር ወጣ። በየቤቱ ከጠየቅናቸው ሕሙማን ከአምስቱ አንዱ ‹አዎ› አለ። ከዚያ በኋላ ነርሶቹ የሚሄዱት ወደ እነዚያ ቤቶች ሆነ። ባለፈው ዓመት ብቻ ሰባ ሁለት በር ተከፍቷል። ገሚሶቹ ሥራ ይዘዋል፤ አንዷ አሁን ከእኛው ጋር ታጠናለች።» ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረች። «ሌላም አስጨምረዋል። ‹የሚቆልፈውንም ጠይቁት፤ እሱም ብቻውን ነው› አሉ። ስለዚህ ነርሶቹ አስታማሚውንም ያነጋግራሉ።»

«ማን እንደቆለፈበት ነግሯችኋል?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ጠይቀናቸው ነበር። ‹ከእኔ በላይ የተቸገረች ሰው ናት› ብለው አለፉት።»

ልብስ ሰፊዋ እጆቿን አየች። «እኔ ነኝ» አለች።

«አንቺ ልጅ፣ ዝም በይ!» አክስቷ ክንዷን ያዘች። «ሰው ፊት!»

«እኔ ነኝ የቆለፍኩበት። አራት ዓመት። አንድ ቀን አውጥቶ አልወቀሰኝም እኮ! ምናለ ቢሰድበኝ ኖሮ?» ሁለት ቀን አልመጣ ያለው እንባ ያን ጊዜ መጣ። ተመራማሪዋ እጇን ጨበጠቻት። መንገድ ዳር ዳቦ የምትሸጠው ጋጋሪ፣ በሩ አጠገብ የተቀመጠችው፣ ብድግ ብላ ማንንም ሳትሰናበት ወጣች።

በማግስቱ ማንም ሳይመጣ ጋጋሪዋ ተመልሳ መጣች። ተቀመጪ ብትባል እምቢ አለች። ዱቄት የነካውን እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች፣ «ልጄ» አለች። «ለትምህርት ሩቅ አገር ሄደች ያልኳችሁ... የትም አልሄደችም።» ከቀሚሷ ኪስ ቁልፍ አውጥታ አሳየቻት።

ልብስ ሰፊዋ «ለምን?» አላለቻትም። «የትናንቷ ሴት አድራሻዋን ትታልኛለች፤ እንጠራታለን» አለችና ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ተከተለቻት።

የልጅቷ ክፍል ከዳቦ ምድጃው ጀርባ ነው። ጋጋሪዋ ቁልፉን አዞረችው። በሩን ልትገፋው ስትል ልብስ ሰፊዋ እጇን ያዘቻት።

«ቆይ። እንጠይቃት።»

በጣቷ ሁለቴ ቀስ ብላ አንኳኳች። «ልግባ ልጄ?»

ውስጥ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸና ዝም አለ። ወንድሟን በእነዚያ አራት ዓመታት ሁሉ አንድ ቀን እንዲህ ብላ አልጠየቀችውም።

ግንባሯን ጣውላው ላይ አስደግፋ፣ እስኪፈቀድላት ጠበቀች።