ሳምራን ያነሱ እጆች

ሳምራ ወደ ልምምድ የተመለሰችው አንገቷን እንደ ልቧ ማዞር ስትችል ነው። ሐኪሙ «አጥንትሽ ደህና ነው፤ መጫወት ትችያለሽ» ብሏታል። ትፈሪያለሽ ወይ ብሎ ግን አልጠየቃትም፤ እሷም አልነገረችውም።

ቡድኑ የዲላ ሴቶች የራግቢ ቡድን ነው፤ ግማሹ ተማሪ፣ ግማሹ የሱቅ ሠራተኛ። ሳምራ የወደቀችው በላይንአውት ነበር። ኳሱ ከመስመር ሲወጣ የሁለቱ ቡድን ተጫዋቾች ጎን ለጎን ይሰለፋሉ፤ አንዷ ከውጭ ሆና በመሃላቸው ትወረውራለች፤ ከየቡድኑ ረጅሟ ደግሞ በሁለት ጓደኞቿ ተነስታ አየር ላይ ትቀልባለች። ለዲላ የምትነሳው ሳምራ ናት። የወናጎዋ ብዙነሽ ከፊት ሆና ጭኗን ትይዛለች። አባቷ ገበያው አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡት ሀምዲያ ደግሞ ከኋላ ቁምጣዋን ጨብጣ ወደ ላይ ትገፋታለች።

የዚያን ዕለት ሜዳው በዝናብ ረጥቦ ነበር። ሳምራ ወደ ላይ ወጥታ ኳሱን ልትነካ ስትል ከወገቧ እጥፍ አለች። የሀምዲያ እጅ ከዳት፤ ሳምራም በጀርባዋ ቀዩ ጭቃ ላይ ወደቀች። ጓደኞቿ ሲጮሁ ይሰማታል፤ ጣቶቿ ግን አልታዘዝ አሏት። «እግሬ የት አለ?» ልትል ፈልጋ ድምጿ አልወጣም። ቆይቶ ሁሉም ተመለሰላት። ያቺ ቅጽበት ግን አልለቀቀቻትም፤ ደረጃ ስትወርድ እንኳ ግድግዳውን መያዝ ጀመረች።

አሁን ደግሞ ቅዳሜ ከሀዋሳ ቡድን ይመጣል፤ በቁመት የሚተካት ሰው የለም።

«ቀስ ብለን እንሞክር፤ ከጉልበት ከፍ አናደርግሽም» አላት አሰልጣኙ ፍሬዘር።

ብዙነሽና ሀምዲያ ያዟት። ገና ተረከዟ ከመሬት ሲለቅ «አውርዱኝ!» ብላ ጮኸች። ማንም አልሳቀባትም። ሳምራ ሣሩ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች።

«ስትፈሪ ትታጠፊያለሽ፤ ስትታጠፊ ደግሞ የሚይዝሽ የለም» አላት ፍሬዘር አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ። «ላይ ስትሆኚ ድርቅ ማለት አለብሽ።»

«ኮች፣ አውቃለሁ። ሰውነቴ ነው እምቢ ያለኝ።»

ፍሬዘር ጥቂት አሰበና «ተነሺ፤ ዛሬ አንሺዋ አንቺ ነሽ» አላት። ሳምራ በሀምዲያ ቦታ ቆመች። ከብዙነሽ ጋር ሆነው ኳስ ወርዋሪዋን ናፍቆትን አነሱ። ናፍቆት ድርቅ ስትል ቀላል ነበረች። ፍሬዘር «አሁን ታጠፊ» ሲላት ግን ክብደቷ ድንገት ከሳምራ መዳፍ ሾልኮ ሄደ። ሳምራ እንደ ምንም ደረቷ ላይ አቅፋ አስቀረቻት። ወደ ሀምዲያ ዞረች። የሀምዲያ ዓይን እንባ አቅሯል።

«እኔም እፈራለሁ» አለች ሀምዲያ። «ከዚያን ቀን ወዲህ ማንንም ሳነሳ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ስትወድቂ እንዳላይ።»

ፍሬዘር ደነገጠ። «ዓይንሽን ጨፍነሽ?»

«አዎ ኮች።»

ከዚያ በኋላ ሥራው ሁሉ ተቀየረ። ሀምዲያ ዓይኗን ከሳምራ ጀርባ እንዳትነቅል፣ ሁለቱም አንሺዎች ከመግፋታቸው በፊት ተጠግተው እንዲቆሙ፣ ሳምራ ኳሱን ያዘችም አልያዘችም እግሯ መሬት እስኪነካ እንዳይለቋት ተስማሙ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከፍ አደረጓት። ፍርሃቱ አልሄደም። ወደ ላይ በወጣች ቁጥር ጥርሷን ነክሳ ትደርቃለች።

ቅዳሜ ከረፋዱ ጀምሮ ደመናው ከበደ። ከሀዋሳ የመጡት ልጆች ግዙፍ ነበሩ። በመጀመሪያው ላይንአውት ሳምራ ዘግይታ ተነሳች፤ ኳሱን ወሰዱባት። በሁለተኛው ከዝናቡ ካፊያ ጋር ወጣች። ኳሱ መዳፏ ላይ ሲያርፍ ከታች የጎደለ ነገር ተሰማት። ከወዲያ በኩል የመጣች ተጫዋች ብዙነሽን ገፍትራ ጥላታለች።

ከፊት የያዛት እጅ የለም። ሳምራ ወደ ፊት ዘመመች፤ መሬቱ ሲመጣባት አየች። ጉልበቷን ልሰብስብ፣ ራሴን ልሸፍን የሚል ነገር ሁለመናዋን ወረራት።

«አትታጠፊ!» አለች ሀምዲያ ከታች። «ሳምራ፣ አትታጠፊ!»

አልታጠፈችም። ኳሱን ለቀቀችው፤ ሰውነቷን ግን አልለቀቀችም። ሀምዲያ ብቻዋን ወደ ኋላ ተንገዳግዳ፣ ቁምጣዋን እንደጨበጠች ወደ ራሷ ሳበቻት። ሳምራ በሀምዲያ ደረት ላይ ተንሸራታ በእግሯ አረፈች፤ ከዚያ ሁለቱም በጉልበታቸው ጭቃው ውስጥ ወደቁ። ዳኛዋ ፊሽካ ነፋች።

ፍሬዘር ከመስመሩ ውጭ ሆኖ «ሳምራ! ልቀይርሽ?» አለ። ፊቱ አመድ መስሏል።

አዎ ልትል ነበር። ብዙነሽ ክርኗ ተልጦ እየደማ ተነስታ ወደ ቦታዋ ስትመለስ አየቻት። ሀምዲያ ከአጠገቧ አልሄደችም፤ ትጠብቃታለች።

«ትንሽ ልቆይ» አለች ሳምራ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ተነሳች። አንዱን ኳስ ቀለበችው፤ ሌላው ከጣቷ አመለጠ። ሁለቱንም ጊዜ በእግሯ ወረደች። ጨዋታውን ግን ተሸነፉ፤ ሀዋሳዎቹ ሲሮጡ የሚያቆማቸው አልተገኘም።

ሁሉም ወደ መጠለያው ሲሮጡ ሳምራ ከሜዳው ጀርባ እንሰቶቹ ሥር ገብታ አስመለሰች። ሀምዲያ ውሃ ይዛ ተከተለቻት።

«አሞሻል?»

«ፈርቼ ነው» አለች ሳምራ አፏን እያጠበች። «አየር ላይ ሆኜ ጣቶቼ እንደገና የጠፉ መሰለኝ።»

ሀምዲያ የቀኝ እጇን ዘረጋችላት። የአመልካች ጣቷ ጥፍር ከሥሩ ተነቅሎ ደም አዝሏል። «እኔ እንኳ አሁን ነው ያየሁት» አለች።

ሳምራ የቀረውን ውሃ ቀስ አድርጋ ጣቱ ላይ አፈሰሰችበት። ሀምዲያ «እሽሽ» አለች፤ እጇን ግን አልሳበችም። ብዙነሽ ከመንገዱ ዳር ባጃጅ አቁማ ስማቸውን እየጠራች ነበር።